ከቆርቆሮ መለበጫ የወጣ የዚንክ ቅሪት፦ ብርና ኢንዲየም ይገኝበታል ወይ?

ከኮምቦልቻ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አምስት ሆነን ተደራጅተን የማቅለጥ ሥራ ጀምረናል። ቆርቆሮ በዚንክ ከሚለበጥበት ቦታ የወጣ 40 ኩንታል ቅሪት በጨረታ ገዝተናል። 15 ኩንታሉ ድንጋይ የመሰለ ከባድ ነገር ነው፤ 25ቱ ደግሞ ጠጠር የተቀላቀለበት ግራጫ ዱቄት ነው። ከዚንክ ቅሪት ብር፣ ኢንዲየምና ጀርማኒየም እንደሚወጣ ሰምተናል። አሲድ ገዝተን ብንሞክር ያዋጣናል? ወይስ ለቆራሌው መልሰን እንሽጠው?»

ለጊዜው ሁለቱንም አታድርጉ። በእጃችሁ ካለው ቅሪት ገንዘብ የሚሆነው ዚንኩ ራሱ ነው። ስለ ብርና ስለ ኢንዲየም የሰማችሁት ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚመለከተው ሌላ ቅሪት ነው። «የዚንክ ቅሪት» የሚለው ስም ምንጫቸው የተለያየ ሁለት ነገሮችን ይሸፍናል፦ አንደኛው ዚንክን ከማዕድኑ የሚያወጣ ፋብሪካ የሚተወው ሲሆን፣ ሁለተኛው ተጣርቶ ያለቀውን ዚንክ ገዝቶ ቆርቆሮ የሚለብጥ ፋብሪካ የሚተወው ነው። የእናንተ ሁለተኛው ነው፤ አሠራሩም፣ ዋጋውም፣ አደጋውም ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም።

ብር፣ ኢንዲየምና ጀርማኒየም በመጀመሪያው ቅሪት ውስጥ የሚገኙት ስፋለራይት ከሚባለው የዚንክ ማዕድን ጋር አብረው ከመሬት ስለሚወጡ ነው። እንደ እነርሱ ከዚንክ ጋር አብሮ የሚገኘውን ካድሚየምን ጀርመናዊው ስትሮማየር እ.ኤ.አ. በ1817 ያገኘው የዚንክ ካርቦኔት ሲመረምር ነበር፤ ኢንዲየምንም ራይክና ሪክተር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1863 ፍራይበርግ ላይ ያገኙት በዚንክ ማዕድን ውስጥ ነው። መጠናቸው ግን በአንድ ቶን ማዕድን በግራም የሚቆጠር ነው። ለማውጣት የሚያዋጡት ፋብሪካው ዚንኩን እያወጣ በሄደ ቁጥር እነርሱ በቀሪው ውስጥ እየተጠራቀሙ ስለሚመጡ ብቻ ነው።

የሚጠራቀሙበትን መንገድ ማወቁ አይከፋም። ግማሽ ያህሉ ዚንክ የሆነው የተለቀመ ማዕድን በ900 እና በ950 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቆላል፤ ድኙ በጋዝ መልክ ወጥቶ ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራበታል፤ የተቆላውም በደካማ አሲድ ይሟሟል። ይሁን እንጂ በማዕድኑ ውስጥ የነበረው ብረት በቁላቱ ጊዜ ከዚንኩ ጋር ተጣምሮ ዚንክ ፌራይት የሚባል፣ ደካማ አሲድ የማይደፍረው ውህድ ይሠራል፤ ኢንዲየሙም በአብዛኛው እዚያው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቅሪቱ ከ90 ዲግሪ በላይ በሞቀ ጠንካራ አሲድ ዳግመኛ ይታጠባል። ያን ጊዜ ብረቱም ዚንኩም ኢንዲየሙም ሲሟሙ፣ እርሳሱና ብሩ ሳይሟሙ ከታች ይቀራሉ፤ የእርሳስና የብር ቅሪት ተብሎ ለእርሳስ አቅላጮች የሚሸጠው ይህ ነው። የሟሟው ብረት ጃሮሳይት በሚባል ቢጫ ዝቃጭ መልክ እንዲወርድ ይደረጋል፤ በቀረው ፈሳሽ ላይ የዚንክ ብናኝ ሲጨመርበት መዳብ፣ ካድሚየምና ኮባልት ተለይተው ይወርዳሉ። ጀርማኒየምን ለማውረድ ከቆዩት ዘዴዎች አንዱ ታኒን መጨመር ነው፤ ከዛፍ ልጣጭ የሚወጣውን፣ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁትን ያንኑ ታኒን ማለቴ ነው። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ስለሆነች ይህ ነገር ለእናንተ እንግዳ እንደማይሆን እገምታለሁ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ታዲያ በቀን ብዙ መቶ ቶን በሚያስተናግድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በዚያ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ደሴ ላይ ደግሞ ወደ 92 ይወርዳል። ስለዚህ ዝቅተኛ አገር ለሚሠራ ሰው «95 ዲግሪ ላይ አቆዩት» ተብሎ የተጻፈ መመሪያ፣ በእናንተ በርሜል ውስጥ የአሲድ እንፋሎት ሲያጨስ መዋል ማለት ሊሆን ይችላል።

ወደ እናንተ ቅሪት እንመለስ። ለመለበጫ የሚገዛው ምርጡ ዚንክ ንጽሕናው 99.995 በመቶ ነው። ኢንዲየሙ፣ ጀርማኒየሙና ብሩ ዚንኩ በተጣራበት አገር ቀርተዋል፤ ቆርቆሮው ወደሚነከርበት የቀለጠ ዚንክ ገንዳ ያልገባ ነገር ደግሞ ከገንዳው አይወጣም። በእናንተ ቅሪት ውስጥ ከዚንክ ሌላ የሚገኘው ከቆርቆሮውና ከገንዳው ግድግዳ የመጣ ብረት፣ ታስቦበት የተጨመረ ጥቂት አሉሚኒየም፣ ለማጣበቂያ ከሚረጨው አሞኒየም ክሎራይድ የመጣ ክሎራይድ፣ ምናልባትም እርሳስ ነው። እርሳሱ ንጽሕናው ዝቅ ካለ ዚንክ ጋር ሊመጣ ይችላል፤ በቀድሞው አሠራር ደግሞ የገንዳውን ወለል እንዲጠብቅና ዝቃጩን ለመዛቅ እንዲያመች ሆን ተብሎ ከሥር ይደረግ ነበር።

እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ ከላይ የሚገፈፈውን ገፈት፣ ከታች የሚቀረውን አተላ ይሉታል። የዚንክ ገንዳም ያንኑ ያደርጋል፤ ስለዚህ ድንጋይ የመሰለውን 15 ኩንታል አተላ፣ ዱቄቱን 25 ኩንታል ገፈት እያልሁ ልቀጥል። ሁለቱን በፍጹም አታደባልቋቸው።

አተላው ከሁሉ ይልቅ ልታተኩሩበት የሚገባ ነው። 450 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለ የቀለጠ ዚንክ አሟሙቶ ሊይዝ የሚችለው ብረት እጅግ ጥቂት ነው፤ ከዚያ ያለፈው አንድ የብረት አቶም ከ13 የዚንክ አቶሞች ጋር እየተያያዘ ክሪስታል ይሆንና፣ ከዚንኩ ጥቂት ስለሚከብድ ወደ ሥር ይወርዳል። ይህ ክሪስታል በክብደት 6.2 በመቶ ያህል ብረት አለው። ቁጥሩን ያዙት፤ ምክንያቱም አተላው ሲመረመር የሚገኘው ብረት ብዙ ጊዜ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ለምሳሌ ምርመራው 3 በመቶ ብረት ቢላችሁ፣ በ15 ኩንታሉ ውስጥ ያለው ብረት 45 ኪሎ ነው፤ 45 ኪሎ ብረት ሊሠራ የሚችለው ክሪስታል 730 ኪሎ ገደማ ነው፤ የቀረው 770 ኪሎ እንግዲህ በክሪስታሎቹ መካከል ተይዞ አብሮ የተዛቀ የገንዳው ዚንክ ነው ማለት ነው። እርሳስ ካለ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። ከገዛችሁት «ድንጋይ» ግማሹ ያህል ድንጋይ ሳይሆን ዛቂው ቸኩሎ ያላንጠፈጠፈው ዚንክ ነው።

ይህን ዚንክ ለማውጣት ኬሚካል አያስፈልግም። ንጹሕ ዚንክ በ419.5 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ክሪስታሉ ግን እስከ 530 ዲግሪ ድረስ ጠጣር ሆኖ ይቆያል። አተላው በጥቃቅን ተሰባብሮ፣ ሥሩ በተበሳሳ ዕቃ ላይ ተደርጎ፣ ሙቀቱ በ430 እና በ450 ዲግሪ መካከል ሲቆይ፣ የተያዘው ዚንክ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል፤ ከላይ በከባድ ነገር ሲጫኑት ደግሞ አተላ በጨርቅ እንደሚጨመቀው ተጨማሪ ይወጣል። ሁሉንም አታገኙትም፤ በክሪስታሎቹ መካከል የሚጣበቅ አይጠፋም። ቴርሞሜትር ሳይኖር ግን ይህን ሥራ አትጀምሩት፤ ያለ እርሱ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ሙቀት ያበዛል፣ ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ክሪስታሉ ራሱ ይፈርስና ብረቱ ተመልሶ ይቀላቀላል።

በክሪስታሉ የታሰረውን ዚንክ ለማስለቀቅ የሚታወቀው መንገድ አሉሚኒየም ነው። ብረት ከዚንክ ይልቅ አሉሚኒየምን ይመርጣል፤ አተላው ከ600 ዲግሪ በላይ ቀልጦ አሉሚኒየም ሲጨመርበት፣ ሁለት የብረት አቶሞች ከአምስት የአሉሚኒየም አቶሞች ጋር ይያያዛሉ፤ ይህ አዲሱ ክሪስታል ከዚንክ ስለሚቀል ወደ ላይ ይንሳፈፋልና በጭልፋ ይገፈፋል። በስሌት ለአንድ ኪሎ ብረት 1.2 ኪሎ አሉሚኒየም ያስፈልጋል፤ ከላይ ባስቀመጥሁት ምሳሌ ለ45 ኪሎ ብረት 54 ኪሎ መሆኑ ነው። አሮጌ የአሉሚኒየም ድስት በርካሽ የምታገኙ ከሆነ ሒሳቡ ሊወጣ ይችላል፤ በገበያ ዋጋ ከተገዛ ግን አስቀድማችሁ አስሉት። በዚህ መንገድ የወጣ ዚንክ አሉሚኒየም ይቀርበታል፤ አሞኒየም ክሎራይድ ወደሚጠቀም ገንዳ ቢመለስ ማጣበቂያውን ያበላሽና ቆርቆሮው ላይ ያልተለበጠ ጥቁር ቦታ ያስቀራል። ለመለበጫ ሳይሆን ለቀረጻ ሥራ ሽጡት፤ ስትሸጡትም አሉሚኒየም እንዳለበት ተናገሩ።

ስለ ማቅለጫው ዕቃ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ የበርሜል ቁራጭ ብረት ድስት አድርጌ አተላ ለማቅለጥ ሞክሬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ድስቱ ተበሳና ዚንኩ ወደ ምድጃው ፈሰሰ፤ ሰው አልተጎዳም እንጂ ሊጎዳ ይችል ነበር። የቀለጠ ዚንክ ከ480 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ብረትን በፍጥነት ይበላል፤ የመለበጫ ገንዳዎች ሙቀታቸው በጥብቅ የሚጠበቀውም ለዚህ ነው። የማንጠባጠቡን ሥራ በብረት ዕቃ መሥራት ትችላላችሁ፤ የአሉሚኒየሙ ሥራ ግን የግራፋይት ወይም የሸክላ ማቅለጫ ይፈልጋል።

በነገራችን ላይ አንዳንዶች አተላው ውስጥ ብረት መኖሩን በማግኔት ይፈትሻሉ። ከዚንክ ጋር በዚህ መልክ የተያያዘ ብረት በማግኔት አይሳብም። ማግኔት የሚስበው አብሮ የተዛቀ የቆርቆሮ ቁራጭ ካለ እርሱን ነው፤ ለመልቀም ይጠቅማል፣ ለመመርመር ግን አይሆንም።

ገፈቱን በተመለከተ ነገሩ ቀለል ይላል። በአብዛኛው ከ60 እስከ 85 በመቶ ዚንክ ይኖረዋል፤ ከፊሉ ኦክሳይድ፣ ከፊሉ በኦክሳይድ የተሸፈነ የዚንክ ጠብታ፣ ጥቂቱ ደግሞ ክሎራይድ ነው። የተጠቀጠቀ ዚንክ ይለጠጣል እንጂ አይደቅቅም፤ ኦክሳይዱ ግን ይደቅቃል። ስለዚህ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ከብረት ኳሶች ጋር አዙራችሁ በሁለት ሚሊ ሜትር ወንፊት ብትነፉት፣ ከላይ የሚቀረው አብዛኛው ዚንክ፣ ከታች የሚወርደው አብዛኛው ኦክሳይድ ይሆናል። ከላይ የቀረውን አቅልጡት፤ ከታች የወረደውን ጆንያ ውስጥ አድርጋችሁ፣ መዝናችሁ፣ ለብቻው ሽጡት። ከመንፋታችሁ በፊት ናሙና ወስዳችሁ ለላቦራቶሪ ብትልኩ ውጤቱ ያሳስታችኋል፤ አንዱ ናሙና ሦስት ጠብታ፣ ሌላው አንድም ጠብታ ሳይደርሰው ይቀራልና። መጀመሪያ ንፉ፤ ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ጆንያ ጥቂት ጥቂት ወስዳችሁ ክምር አድርጉ፣ ክምሩን አራት ቦታ ከፍላችሁ ሁለቱን ትይዩ ክፍሎች ጣሉ፣ የቀረውን ደባልቃችሁ እንደገና ክፈሉ፤ አንድ ኪሎ እስኪቀር ድረስ እንዲህ አድርጉ። አዲስ አበባ ያለ የማዕድን ላቦራቶሪ ዚንኩን፣ ብረቱን፣ እርሳሱን፣ ካድሚየሙንና ክሎራይዱን እንዲመረምርላችሁ ጠይቁ። ኢንዲየም ለማስመርመር ገንዘብ አታውጡ።

ዚንክ ክሎራይድ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ገፈቱ በሐምሌና በነሐሴ ሜዳ ላይ ከዋለ ሁለት ጉዳት ያመጣል። አንደኛው ዝናቡ ዚንኩን እያጠበ ወደ አፈሩና ወደ ቦርከና መውሰዱ ነው፤ ቦርከና ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ አያበቃም፤ የጨፋን ሜዳ አቋርጦ ወደ አዋሽ የሚወርድ፣ መስኖ የሚጠለፍበትና ከብት የሚጠጣው ወንዝ ነው። ሁለተኛው የረጠበ ገፈት በቀለጠ ዚንክ ላይ ሲጣል ውሃው በቅጽበት እንፋሎት መሆኑ ነው፤ መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ስለሚሰፋ ዚንኩን ይዞ ይፈነዳል። ወደ ድስቱ የሚገባ ማንኛውም ነገር፣ ጭልፋውም ጭምር፣ አስቀድሞ በምድጃው ዳር ይሙቅ።

ስለ ጢሱም ልናገር። ነጩን የዚንክ ጢስ የሳበ ሰው ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይንዘፈዘፋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ውስጥ የብረት ጣዕም ይሰማዋል፣ በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይሻለዋል። በእኛ አገር ይህ ምች ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል፤ ወይም ወባ ነው ተብሎ ክኒን ይገዛለታል። ወተት መጠጣትም አያድነውም፤ ወተቱ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ጢሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። ከዚህ የሚብሰው ካድሚየም ነው፤ በ767 ዲግሪ ስለሚፈላ በ907 ዲግሪ ከሚፈላው ዚንክ ቀድሞ ይተናል፤ ይህ ጢስ በማግሥቱ የሚለቅ አይደለም፤ ሳንባን አቁስሎ ሊገድል ይችላል። ማቅለጫውን ቢያንስ ሁለት ጎኑ ክፍት በሆነ መጠለያ ሥር፣ ነፋስ ከጀርባችሁ እንዲመጣ አድርጋችሁ ትከሉት፤ የጨርቅ ማስክ ሳይሆን ለብረት ጢስ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ግዙ።

አሁን ወደ አሲዱ። ዚንክ በአሲድ ሲሟሟ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ ሃይድሮጂን በተዘጋ ክፍል ውስጥ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። በቅሪቱ ውስጥ አርሴኒክ ካለ ደግሞ አርሲን የሚባል፣ በጥቂቱ የሚገድል ጋዝ አብሮ ይወጣል። ይህን ሁሉ ተሻግራችሁ ዚንኩን ብታሟሙት እንኳ፣ ንጹሕ ዚንክ ለማድረግ በኤሌክትሪክ መለየት ይኖርባችኋል፤ ለአንድ ቶን ከ3,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል፣ የገፈቱ ክሎራይድም ኤሌክትሪኩ የሚገባባቸውን የእርሳስ ሰሌዳዎች (አኖዶች) እየበላ ክሎሪን ያወጣባችኋል። አንድ ቶን ዚንክ ለማቅለጥ ግን፣ የሚባክነውን ሙቀት ሳንጨምር፣ 75 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ሊታሰብበት የሚችል የአሲድ ሥራ ካለ የወንፊቱን ዱቄት ዚንክ ሰልፌት አድርጎ ለማዳበሪያ ማቅረብ ነው፤ አንድ ኪሎ ዚንክ 4.4 ኪሎ ክሪስታል ይወጣዋል። ነገር ግን እርሳሱና ካድሚየሙ በትክክል ሳይለይ ወደ እርሻ የገባ እንደሆነ ከአፈሩ መልሶ የሚያወጣው የለም፤ ስለዚህ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኬሚካል ምህንድስና መምህራን ጋር ሳትማከሩ አትግቡበት። በዛምቢያ ካብዌ ከተማ የእርሳስና የዚንክ ማዕድኑ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1994 ቆሟል፤ ክምሩ ግን እዚያው ስለቀረ የሠፈሩ ሕፃናት ደም ውስጥ ዛሬም ከፍተኛ እርሳስ ይገኛል።

ሽያጩን በሚመለከት፣ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር ስለሚያልፍበት ሁኔታ የሚደነግገው እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የባዝል ስምምነት ሁለቱን የዚንክ ቅሪቶች በሁለት መዝገብ ለይቷቸዋል። ጃሮሳይትንና የመሰሉትን የማሟሚያ ቅሪቶች በአደገኛው መዝገብ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከ92 በመቶ በላይ ዚንክ ያለውን የመለበጫ አተላ ግን በመደበኛው አደገኛ ካልሆነው ወገን ይመድበዋል። ለዚህ ነው የላቦራቶሪው ወረቀት ከእቃው እኩል ዋጋ የሚኖረው፤ ወረቀቱ ከሌለ ገዢው በዓይኑ ገምቶ ይገዛችኋል፣ ሲገምትም ለራሱ ነው። በአገር ውስጥ ደግሞ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ፤ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ሂዱና ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልጋችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

በዚህ ሳምንት ከገፈቱ አንድ ኩንታል ብቻ ነፍታችሁ ከወንፊቱ በላይና በታች የቀረውን መዝኑ፤ ከአተላውም አሥር ኪሎ ያህል በቀስታ አሙቃችሁ የተንጠባጠበውን መዝኑ። ሦስቱን ቁጥሮችና የአተላውን የብረት መቶኛ ስትልኩልኝ፣ ምን ያህል መጠን ያለው ማቅለጫ እንደሚበቃችሁና አሉሚኒየሙ ያዋጣችሁ እንደሆነ አብረን እናሰላዋለን።